«ጌት» (get) የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ለቱርክ ተማሪ እንዴት እናስረዳ?

ቱርክ አገር ለትምህርት የሄደ ሰው ይህን ልውውጥ ያውቀዋል። እነሱ ቱርክኛችንን ያርሙልናል፣ እኛ ደግሞ በእንግሊዝኛቸው እናግዛቸዋለን። እኔም አንድ ምሽት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሻይ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ወገቧ ቀጠን ባለችው የቱርክ ብርጭቆ ሻይ ቀርቦልናል። ጓደኛዬ ደብተሩን ገለጠ። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፍሎታል። በግራ «ጌት» ብሎ ጽፏል፣ በቀኝ «አልማክ»። አልማክ በቱርክኛ መውሰድ፣ መግዛት፣ መቀበል ማለት ነው። ከዚያ መጽሐፉ ላይ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር በጣቱ አሳየኝ፦ «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ»። «ሆጃም፣ ጨለማውን የሚወስደው ማን ነው?» አለኝ። ሆጃም ማለት መምህሬ ማለት ነው። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

«እዚህ ጋ ትርጉሙ ሌላ ነው» ብዬ አለፍኩት። ይህ መልስ ተማሪን ተስፋ ያስቆርጣል። ነገም «ሌላ ነው»፣ ከነገ ወዲያም «ሌላ ነው» ይባላልና። ከዚያ ወዲህ ሌላ መንገድ ይዣለሁ። ሐሳቡ አጭር ነው። ጌት ብቻዋን ብትቆም ትርጉሟ አይታወቅም። ትርጉሟን የሚሰጣት ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ነው። ስለዚህ ተማሪው የትርጉም ዝርዝር አይሸምድድ፤ ከጌት ቀጥሎ ያለውን ማየት ይልመድ።

አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የቱርክኛ ግስ እንደኛው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። እንግሊዝኛ በሦስትና በአራት ቃል የሚለውን ቱርክኛም አማርኛም ግሱ ላይ ቀጥለው ይጨርሱታል። ተማሪው የት ጋ እንደሚደናቀፍ ከራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ትምህርቱን ሦስት ቀን ከፋፍሉት። በአንድ ምሽት ልጨርስ ካላችሁ ሁለታችሁም ትደክማላችሁ።

ደረጃ 1፦ ከራሱ ቋንቋ ጀምሩ

መጀመሪያ ተማሪው «እንግሊዝኛ ምን ዓይነት ቋንቋ ነው?» ብሎ ማማረሩን ይተው። ለዚህ የሚሆን ግሩም ቃል ቱርክኛ ውስጥ አለ፦ «ችክማክ»። መሠረታዊ ትርጉሙ መውጣት ነው። ግን ፀሐይም ችክማክ ነው፣ ደረጃ መውጣትም ችክማክ ነው፣ አዲስ መጽሐፍ ገበያ ላይ ሲውልም ችክማክ ነው። ሎተሪ የደረሰው ሰው «ፒያንጎ ችክት» ይላል፤ ዕጣ ወጣልኝ እንደማለት። እሳት ሲነሳም «ያንግን ችክት» ነው። ከአንዲት ልጅ ጋር መወዳጀትም በዚሁ ቃል ይነገራል።

«ችክማክ ስንት ትርጉም አለው?» ብላችሁ ጠይቁት። መቁጠር ይጀምርና ያቆማል። ቀጥላችሁ አማርኛውን ንገሩት። ፀሐይ ወጣች፣ ዕጣ ወጣለት፣ ደረጃ ወጣ፣ መጽሐፉ ወጣ። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች በአንድ ቃል ይህን ያህል መገጣጠማቸው እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ተማሪው ችክማክን በዝርዝር አልሸመደደውም። አጠገቡ ያለውን ቃል እያየ ነው የሚረዳው። ጌትንም እንደዚያው ያያታል በሉት።

ደረጃ 2፦ ቀጥሎ የነገር ስም ከመጣ

እዚህ ጋ የደብተሩ «አልማክ» ትክክል ነው። «አይ ጎት ኤ ሌተር» ማለት «ሜክቱፕ አልድም»፣ ደብዳቤ ደረሰኝ ነው። «አይ ጎት ብሬድ» ደግሞ «ኤክሜክ አልድም»፣ ዳቦ ገዛሁ። ቱርክኛው ለሁለቱም አንድ ግስ ስላለው ተማሪው ይህን ክፍል በፍጥነት ይይዘዋል። ጉንፋን እንኳ ይሠራል፤ እኛ «ያዘኝ» የምንለውን ቱርኮች «ሶውክ አልድም»፣ ብርድ ወሰድኩ ይላሉ፤ እንግሊዝኛው «አይ ጎት ኤ ኮልድ» ነው።

ችግሩ በተቃራኒው ነው። አልማክ ባለበት ሁሉ ጌት አይገባም። ገላ መታጠብ በቱርክኛ «ዱሽ አልማክ» ነው፣ ማስታወሻ መያዝ «ኖት አልማክ»፣ መተንፈስ «ኔፌስ አልማክ»፣ መድኃኒት መውሰድ «ኢላች አልማክ»። ለመተንፈስ እንግሊዝኛ የራሱ ግስ አለው። የቀሩት ሦስቱ «ቴክ» ነው የሚፈልጉት። መወፈር ደግሞ «ኪሎ አልማክ» ነው፤ እንግሊዝኛው «ጌይን ዌይት» ይላል።

መለያውን በአማርኛ አስቡት። ቴክ «እጄን ዘርግቼ ወሰድኩ» ነው። ጌት ግን «እጄ ገባ» ነው። ገዝቼውም ይሁን ተልኮልኝ፣ ተሰጥቶኝም ይሁን አግኝቼው፣ ዞሮ ዞሮ እጄ ገባ። ቃሏ ወደ እንግሊዝኛ የገባችው ከጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ ነው። እዚያም ማግኘትና መድረስ ማለት ነበረች። ይህችን «እጄ ገባ» ያዟት፣ ወደ ፊት ትጠቅመናለች።

ደረጃ 3፦ ቀጥሎ ቅጽል ከመጣ

ጓደኛዬን ያደናገረው ይህ ነው። እዚህ ጋ ጊዜ ስጡት። ቅጽል ሲከተላት ጌት ለውጥ ትናገራለች። ያልነበረ ሁኔታ መጣ። «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ» ማለት እየጨለመ ነው። ቱርክኛው «ካራርዮር» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፣ አማርኛውም እንዲሁ። ታዲያ ተማሪው ጌት ምን ሥራ እንዳላት የማይታየው፣ የእሷ ሥራ በቋንቋው ውስጥ ግሱ ሆድ ውስጥ ስለተደበቀ ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩን ከቱርክኛው አስጀምሩት። ዮሩልማክ (መድከም) «ጌት ታየርድ»፣ አጅክማክ (መራብ) «ጌት ሃንግሪ»፣ እስላንማክ (መርጠብ) «ጌት ዌት»፣ ክዝማክ (መቆጣት) «ጌት አንግሪ»፣ ያሽላንማክ (ማርጀት) «ጌት ኦልድ»፣ ዜንጊንሌሽሜክ (መክበር፣ ሀብታም መሆን) «ጌት ሪች»። ከዚያ በግራ ቱርክኛውን ግስ ብቻ ጽፎ በቀኝ ሁለት ቃል ይሙላ። እኔ ያየሁት ትልቁ ለውጥ የመጣው በዚህ መልመጃ ነው።

ቀጥሎ «አይ አም ታየርድ»ን እና «አይ ጎት ታየርድ»ን ይለይ። አንዱ «ዮርጉኑም» ነው፣ ደክሞኛል። ሌላው «ዮሩልዱም»፣ ደከመኝ። የመጀመሪያው ያለሁበት ሁኔታ ነው፤ ሁለተኛው ወደዚያ የገባሁበት ቅጽበት።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ቱርክኛ «ኦልማክ» የሚባል ግስ አለው፣ መሆን ማለት ነው። ታመመ ለማለት «ሃስታ ኦልዱ»፣ ሐኪም ሆነች ለማለትም «ዶክቶር ኦልዱ» ይላሉ። ተማሪው ለሁለቱም «ቢካም»ን ይመርጣል፤ ትምህርት ቤት «ኦልማክ እኩል ይሆናል ቢካም» ብሎ ነዋ የጻፈው። «ሂ ቢኬም ሲክ» ስህተት አይባልም፣ ግን የመጽሐፍ ጠረን አለው። ሰው የሚለው «ሂ ጎት ሲክ» ነው። በተቃራኒው «ሺ ጎት ኤ ዶክተር» ካለ ደግሞ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ሐኪም ሆነች ሳይሆን ሐኪም አገኘች ወይም አመጣች ይሆናል። ደረጃ 2ን አስታውሱት፣ ቀጥሎ የመጣው ስም ነው። መለያው ይኸው ነው፤ ከኦልዱ በፊት ቅጽል ካለ ጌት፣ ስም ካለ ቢካም።

ጥቂት ከመስመር የወጡ አሉ፣ አትደብቁት። ዓይነ ስውር መሆን፣ መስማት አለመቻል፣ ማበድ «ጎ»ን ይወስዳሉ። በፍቅር መያዝ በቱርክኛ «አሽክ ኦልማክ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሰው ፍቅር ውስጥ ይወድቃል፣ «ፎል ኢን ላቭ»። እንቅልፍም እንዲሁ «ፎል» ይላል። እኛ እንቅልፍ ወሰደኝ እንላለን፣ ቱርኮች እንቅልፍ ውስጥ ይጠልቃሉ። ለእነዚህ ሕግ አትፈልጉላቸው፣ በቃል ይያዙ።

ማግባት፣ መልበስ፣ መጥፋት፣ መፋታት ደግሞ እንደ መድከምና መራብ በጌት ይነገራሉ። «ጌት ሜሪድ» ላይ ግን ጆሯችሁን አቁሙ። ቱርክኛው «ኢሌ ኤቭሌንሜክ» ስለሚል፣ እኛም «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል፣ ሁለታችንም «ዊዝ» እንላለን። እንግሊዝኛው «ቱ» ነው፦ «ሂ ጎት ሜሪድ ቱ ሄር»።

ደረጃ 4፦ ቀጥሎ ቦታ ከመጣ

እዚህ ጌት መድረስ ናት። ቱርክኛ ወደ ቦታ የሚደርሰውን ሁሉ በስሙ መጨረሻ ምልክት ያደርግበታል። ኤቭ ቤት ነው፣ ኤቬ ወደ ቤት ነው። ተማሪው ይህችን «ኤ» ወደ «ቱ» ቀይሮ «አይ ጎት ቱ ሆም» ይላል። ትምህርት ቤት፣ ሥራ ቦታ፣ ከተማ «ቱ» ይወስዳሉ። ቤት፣ እዚህ እና እዚያ ግን አይወስዱም፦ «አይ ጎት ሆም»። የእኛ ስህተት ተቃራኒ ነው። «ቤት ደረስኩ፣ ትምህርት ቤት ደረስኩ» ስለምንል «ቱ»ን ከሁሉም ላይ እናነሳለን። ተማሪያችሁ ላይ ከማረማችሁ በፊት ራሳችሁን ፈትሹ።

መጓጓዣ ላይ ሌላ ነገር አለ። ቱርክኛ ለአውቶቡስም፣ ለመኪናም፣ ለመርከብም «ቢንሜክ» ብቻ ይላል። ለመውረድ «ኢንሜክ»። እንግሊዝኛ ይለያል። ቆማችሁ የምትራመዱበት ከሆነ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ»፤ ጎንበስ ብላችሁ የምትገቡበት ከሆነ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት ኦቭ»። አውቶቡስ፣ ባቡር፣ መርከብ ከመጀመሪያው፤ ታክሲና የቤት መኪና ከሁለተኛው።

ኢስታንቡል ላይ ከሆናችሁ መልመጃው መንገድ ላይ አለ። ከካድኮይ ወደ ኤሚኖኑ በመርከብ ስትሻገሩ ተማሪው የጠዋት መንገዱን ይተርክ። መርከቡ ላይ ወጣሁ፣ ኤሚኖኑ ወረድኩ፣ ታክሲ ውስጥ ገባሁ፣ ሥራ ቦታ ደረስኩ፣ ማታ ቤት ደረስኩ። አምስቱም ጌት ናቸው። አምስቱንም አስተካክሎ እስኪናገር ድረስ በየቀኑ ይድገመው።

ደረጃ 5፦ ሌላ ሰው የሠራልኝ

ከዚህ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው፤ ሁለተኛውን ቀን ሙሉውን ለዚህ ስጡት። አንድ ቱርካዊ ከፀጉር ቤት ወጥቶ በእንግሊዝኛ «አይ ከት ማይ ሄር» ሊላችሁ ይችላል። ይህ መቀስ ይዤ ፀጉሬን ራሴ ቆረጥኩ ማለት ነው። የሚገርመው በቋንቋው በፍጹም እንዲህ አይልም። «ኬስሜክ» መቁረጥ ነው፣ «ኬስቲርሜክ» ማስቆረጥ ነው። በቱርክኛ «ሳችም ኬስቲርዲም» ይላል፣ ፀጉሬን አስቆረጥኩ።

ይኼኔ የእኛን «አ» እና «አስ» አውጡለት። ቤት ሠራሁ፣ ቤት አሠራሁ። ልብስ ሰፋሁ፣ ልብስ አሰፋሁ። መኪና ጠገንኩ፣ መኪና አስጠገንኩ። እኛ ከፊት የምንጨምረውን እነሱ ከኋላ ይጨምሩታል፤ ሥራው ያው ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ቅጥያ የለውም። በቦታው ጌትን ያስገባል። ቅደም ተከተሉ ጌት፣ ከዚያ ነገሩ፣ ከዚያ የግሱ ሦስተኛ መልክ ነው፦ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት»። «አይ ጎት ማይ ካር ሪፔርድ»። «አይ ጎት ማይ አይዝ ቴስትድ»።

ለተማሪው የምትሰጡት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው። በቱርክኛ ስታስበው ግሱ ላይ «ትር» ወይም «ድር» ከተሰማህ በእንግሊዝኛ ቆም በል፤ ጌት ሊያስፈልግህ ይችላል። ፀጉር ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ጋራዥ፣ ጫማ ጠጋኝ፣ ፎቶ ቤት በተራ ይሂድባቸው። ከእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይምጣ።

አንድ ድንቅ ነገር ልጨምር። ቱርኮች ቦርሳቸው ሲሰረቅ «ጁዝዳንም ቻልድርድም» ይላሉ። ቃል በቃል ካየነው «ቦርሳዬን አሰረቅኩ» ነው። ማንም ቦርሳውን አስቦ አያሰርቅም፤ ግን ቋንቋው ጉዳቱንም በዚሁ ቅጥያ ይናገረዋል። እንግሊዝኛም እንዲሁ ያደርጋል፦ «አይ ጎት ማይ ዎሌት ስቶልን»። አማርኛችን እዚህ ጋ ይለያል፣ «ተሰረቅኩ» ነው የምንለው። ስለዚህ ይህን ዓረፍተ ነገር ከእኛ ይልቅ ቱርኩ ቶሎ ይይዘዋል።

ከነገሩ ቦታ ሰው ከገባ ደግሞ «ቱ» ትመጣለች፦ «አይ ጎት ማይ ብራዘር ቱ ካሪ ኢት»፣ ወንድሜን አሸከምኩት። ቱርክኛም አማርኛም «አሸከምኩት» ሲሉ ለምነው ይሁን አስገድደው አይናገሩም። እንግሊዝኛ ይናገራል። ጌት ካለ አግባብቼው፣ ለምኜው ነው፤ ቱርኮች «ኢክና ኤትቲም»፣ አሳመንኩት የሚሉት። «ሜክ» ካለ አስገድጄው ነው፣ ያኔ «ቱ» የለም። «ሃቭ» ካለ አዝዤው ወይም ከፍዬው ነው፣ እዚህም «ቱ» የለም። ወንድሙን ሦስቴ ያሸክመው፤ አንዴ እየለመነ፣ አንዴ እየተቆጣ፣ አንዴ እየከፈለ።

ደረጃ 6፦ «ቫር» እና «አለኝ»

«አይቭ ጎት ቱ ብራዘርስ» ላይ ብዙ አትቆዩ። ቱርክኛ ባለቤትነትን በ«ቫር» ይገልጻል፤ ወንድሞቼ አሉ እንደማለት ነው። እኛም «አሉኝ» እንላለን። ሁለታችንም «ሃቭ» የሚባል ግስ የለንም። «አይቭ ጎት» ሙሉውን «ቫር» ነው ብላችሁ አሳልፉት። አሜሪካኖች «አይቭ ጎትን» ሲሉ ግን «አለኝ» ሳይሆን «አገኘሁ» ማለታቸው ነው።

አንድ ልዩነት ግን ይያዝ። «አይ ሃቭ ጎት ቱ ጎ» ግዴታ ነው፣ መሄድ አለብኝ። «አይ ጎት ቱ ሲ ሂም» ግን ዕድል ነው። ለዚህ አማርኛ «ለማየት በቃሁ» የሚል ውብ አነጋገር አለው። ቱርኮች ደግሞ «ናሲፕ ኦልዱ» ይላሉ። ናሲፕ ዕጣ ፈንታ፣ ድርሻ ነው። ይህን ቃል ስትጠሩለት ፊቱ ይበራል።

ደረጃ 7፦ የፈተናው ጌት

«የዴሴ» የሚሉት አገር አቀፍ የውጭ ቋንቋ ፈተና አላቸው። 80 የምርጫ ጥያቄ አለው፣ መናገርም መጻፍም የለበትም። ከጥያቄዎቹ መካከል ጌትን ከትንንሽ ቃላት ጋር የሚያጣምሩ ይገኛሉ። ተማሪዎች በዚህ ምክንያት ረጅም ዝርዝር ይሸመድዳሉ። በእኔ እምነት አምስት በደንብ መያዝ ሃምሳ ከመሸምደድ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ተማሪው በየቀኑ የሚለውን ቱርክኛ ፈልጉለት።

«እንዴት ነህ?» ሲባሉ ብዙዎቹ «ኢዳሬ ኤዲዮሩም» ይላሉ፣ እንግዲህ እየገፋሁት ነው። ይኸው «አይ አም ጌቲንግ ባይ» ነው። ከሰው ጋር መስማማት «ጌቺንሜክ»፣ «ጌት አሎንግ»። ከሕመም ወይም ከሐዘን መውጣት «አትላትማክ»፣ «ጌት ኦቨር»። መገላገል «ኩርቱልማክ»፣ «ጌት ሪድ ኦቭ»። ከእንቅልፍ መነሳት «ካልክማክ»፣ «ጌት አፕ»። ስድስተኛ ልጨምር ከተባለ «አይ ዶንት ጌት ኢት» ይሁን፣ አልገባኝም። አማርኛው እንኳ ያው መንገድ ነው የሄደው፤ ሐሳቡ ውስጤ አልገባም።

ጌት የማትገባበትንም ንገሩት። ለሥራ ማመልከቻ ወይም ለጥናት ጽሑፍ «ሪሲቭ»፣ «አራይቭ»፣ «ቢካም» ይሻላሉ። «ሂ ጎት ፋየርድ» ከጓደኛ ጋር ያምራል፤ የጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ላይ ግን «ሂ ዎዝ ዲስሚስድ» ይባላል።

መፈተኛ

በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ያስቀምጥ። እናንተ ቱርክኛውን ታነባላችሁ፣ እሱ እንግሊዝኛውን ይላል።

«ሃቫ ካራርዮር»፦ ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ።
«ዶክቶር ኦልዱ»፦ ሺ ቢኬም ኤ ዶክተር።
«ዱሽ አልድም»፦ አይ ቱክ ኤ ሻወር።
«ኤቬ ጌች ቫርድም»፦ አይ ጎት ሆም ሌት።
«ታክሲዬ ቢንዲም»፦ አይ ጎት ኢን ኤ ታክሲ።
«ቴሌፎኑሙ ታሚር ኤትቲርዲም»፦ አይ ጎት ማይ ፎን ፊክስድ።
«አሽክ ኦልዱ»፦ ሂ ፌል ኢን ላቭ።

ከሰባቱ ሦስቱ ጌት የላቸውም፣ ሆን ተብሎ ነው። ሁሉም ላይ ጌት ከከተተ ወደ ደረጃ 2 እና 3 ተመለሱ። አራተኛው ላይ «ቱ ሆም» ካለ አትደንግጡ። ይህ ስህተት ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚለቅ። ጓደኛዬ ሌላውን ሁሉ ካስተካከለ በኋላ እንኳ ይህን ይስት ነበር። በኋላ ላይ በየምሽቱ ቤቱ ሲደርስ መልእክት እንዲልክልኝ ተስማማን፣ ሁለት ቃል ብቻ፦ «ጎት ሆም»።